ክረምት ላይ ጥሬ ብቻ? እኔ አልመክርም

«ዶክተር፣ ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ መብላት ከጀመርኩ ወዲህ ብርዱን አልቻልኩትም» የምትሉኝ በዝታችኋል።

ጋቢ ከመደረብ በፊት ሳህናችሁን እዩት። ሰውነታችን ሙቀት የሚያመነጨው ከምግብ በሚያገኘው ኃይል ነው። ሰላጣና ቲማቲም ግን አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሆድ ይሞላል፣ ካሎሪው ትንሽ ነው።

በዚያ ላይ በክረምት ጎርፍ ቆሻሻን ወደ ወንዝና ማሳ ይወስዳል። በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ለአሜባ፣ ለጃርዲያና ለታይፎይድ ያጋልጣል፤ ሎሚ ስለጨመቅንበት ብቻ ንጹህ አይሆንም።

«ማብሰል ቫይታሚን ያጠፋል» ይባላል። ቫይታሚን ሲ እውነትም ይቀንሳል፤ የካሮት ቤታ ካሮቲን ግን ሲበስል ይበልጥ ለሰውነት ይመቻል።

ስለዚህ ጥሬውን አትተዉት፣ ብቻውን አታድርጉት እንጂ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ራሳችሁ ልጣችሁ ብሉ፤ ከጎኑ ትኩስ ሽሮ ወይም ምስር ይኑር። እንዲህም ሆኖ ብርዱ ካልለቀቃችሁ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አድርጉ።

ጤና ይብዛላችሁ!