ስለ ከተማ ዳር የቤት ኪራይ ውል

ለሰው ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ የሚያስፈልገው መጠለያ ነው። መጠለያው ያልጸና ሰው ሥራውን በሰላም ሊሠራ፥ ልጆቹንም በደንብ ሊያሳድግ አይቻለውም። ስለዚህ የቤት ኪራይ ነገር የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም፥ ጠለቅ ብሎ ለሚመረምረው ሰው የከተማው ሁሉ ጉዳይ ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ አዲስ አበባን ወደ ዳር አስፍቷታል። በጀሞ፥ በየካ አባዶ፥ በቱሉ ዲምቱና በቦሌ አራብሳ በተሠሩት ፎቆች ውስጥ የሚኖሩት ዕጣ የወጣላቸው ባለቤቶች ብቻ ሳይሆኑ ተከራዮችም ናቸው። አዲስ ጎጆ የሚወጡ ሙሽሮች፥ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ባለ አንድ መኝታውን ቤት ይፈልጋሉ፤ ኪራዩ ከመካከለኛው ከተማ ይቀላልና።

ይሁን እንጂ ተከራዩ የሚከፍለው ኪራዩን ብቻ አይደለም። ለደላላው ይከፍላል፤ ማለዳ ተነሥቶ በታክሲ ሰልፍ ይቆማል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። ይህን ሁሉ ችሎ የሚኖረውን ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን በድንገት «ኪራይ ጨምር፤ አለዚያም ልቀቅ» መባሉ ነው። ዕቃውን ጭኖ ከሰፈር ወደ ሰፈር ሲዞር ልጁ ትምህርት ቤት ይለውጣል፤ እርሱም ጎረቤቱንና ዕድሩን ያጣል።

ይህን ችግር ለማቃለል የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320ን አጸደቀ። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይደረጋል፤ በ30 ቀን ውስጥም በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ ይመዘገባል። አስቀድሞ የሚከፈለው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ጭማሪም ቢኖር በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚያስታውቀው መጠን ብቻ ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚህ ነገር እጅግ የተስማማ ነው። ነገር ግን ጽሑፉ እውነተኛ ካልሆነ ምን ይጠቅማል? አንዳንዱ አከራይ ለምዝገባ ዝቅ ያለ ዋጋ አጽፎ የቀረውን በእጅ ልቀበል ይላል፤ ቤት የቸገረው ተከራይም እሺ ብሎ ይፈርማል። እንዲህ ያለው ተከራይ በገዛ እጁ ጋሻውን ይጥላል፤ ክርክር በመጣ ጊዜ በእጅ የሰጠው ገንዘብ ማስረጃ የለውምና። አከራዩም ከሕግ ውጭ ስለ ተቀበለ፥ ተከራዩ ኪራዩን በከለከለው ጊዜ ደፍሮ ወደ ዳኛ አይሄድም። ስለዚህ እውነተኛው ውል ለሁለቱም ይበጃል።

አከራዩንም ሁሉ እንደ ጨካኝ መቍጠር አይገባም። በኪራዩ የባንክ ዕዳውን የሚከፍል፥ ወይም በእርጅናው ዘመን የሚጦርበት ባለቤት አለ። የገበያ ዋጋ ሲንር የእርሱም ኑሮ ይከብዳል። በየዓመቱ የሚወሰነው የጭማሪ መጠን ይህንንም የሚያመዛዝን መሆን አለበት።

ሕግ ብቻውን ቤት እንደማይሆን ያለፈው ዘመን አስተምሮናል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ ኪራይ ዝቅ አለ፤ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶችም በቀበሌ እጅ ሆኑ። ድኻው ለጊዜው እፎይ አለ። ዳሩ ግን ኪራዩ ለእድሳት ስላልበቃ ቤቶቹ አረጁ፤ የግል ኪራይም ስለ ተከለከለ ለማከራየት ብሎ የሚሠራ ጠፋ። የዛሬው አዋጅ የግሉን አከራይ ስላልከለከለ ከዚያኛው ይለያል፤ ቢሆንም አዳዲስ ቤት ካልተሠራ ሰልፉ አያጥርም።

እንግዲህ ተከራይ ሳይፈርም ውሉን ያንብብ፤ አከራይም የሚቀበለውን እውነተኛ ዋጋ ያስጽፍ፤ ሹማምንቱም መዝገቡን ከአድልዎ ጠብቀው ለቤት ሠሪው ቦታና ብድር ያቅርቡ። አዋጁ አጥር ነው፤ በአጥሩ ውስጥ የሚቆመው ግን ቤት ነውና፥ አጥሩን እየጠበቅን ቤቱን እንሥራ።