ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ትዳር

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር ሳይሆን ስለ ጎማ ቱቦ ነው። ግን ታገሱኝ፣ ዞሮ ዞሮ ትዳር ጋ ይደርሳል።

እዚህ ሜሪላንድ ከገባሁ ወዲህ አንድ አባዜ ይዞኛል፤ በ1972 እ.ኤ.አ. የተሠራች ዳትሰን 240ዜድ። በ1971ና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችው ዓይነት ናት፤ አፍንጫዋ ረዥም፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ። ዝገቷን አስፍቄ፣ ቀለም አስቀብቼ፣ ባለቤቴን "ነይ ላንሸራሽርሽ" አልኳት። የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች።

ገና ዋናው መንገድ ሳንገባ "ቤንዚን ሸተተኝ፣ አቁምልኝ" አለች። እኔ ብልጡ! "ያንቺ አፍንጫ እኮ ዘንድሮ ቡናም ይሸተዋል" ብዬ ሳቅሁባት። መስኮት ስትከፍት ጭራሽ ባሰ። በበነጋታው መኪናዋን ያስተካከለልኝ መካኒክ ካርቡራቶሩን ነካክቶ ገንዘቤን ተቀበለ፤ ሽታው ግን አልሄደም። እሷም "ልብስህን ውጭ አውልቀህ ግባ" ማለት ጀመረች። እኔ አሁንም ጥፋቱን በእርግዝናው ላይ ነበር የማላክከው።

አንድ ሌሊት ሽታው ቤት ውስጥ ገባ። ጋራዣችን ከቤቱ ጋር የተያያዘ ነው። እዚያው ጥግ ላይ ደግሞ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ቆሟል፤ ከሥሩ ቀንና ሌሊት የማትጠፋ ትንሽ ነበልባል አለች። ክው አልኩ! የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ይሄዳል። መኪናዋን በፒጃማ ገፍቼ አወጣኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤንዚን ሳልባትዮ ውስጥ ሲሞቅ ይተናል። አሜሪካኖች ትነቱ አየር ላይ እንዳይለቀቅ በመላ አገሪቱ ያስገደዱት ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ነው። በዚች መኪና ትነቱ ከኋላ በስተቀኝ ከፕላስቲክ መሸፈኛው ጀርባ ወደተደበቀች ትንሽ ጋን ይወጣል፤ የረጋው ወደ ሳልባትዮው ይመለሳል፣ የቀረው በቀጭን ቱቦ ወደ ሞተሩ ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚያገናኙት የጎማ ቱቦዎች ናቸው፤ ቦታቸውም ከተሳፋሪው ጀርባ። መሸፈኛውን ሳወልቅ ቱቦዎቹ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቀዋል። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ጎማ ምን ያድርግ? መስኮት ሲከፈት መባሱም ለካ አየሩ ከኋላ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ ኖሯል።

ያጠፋሁትን ልንገራችሁ፣ እናንተ አትድገሙት። መጀመሪያ የገዛሁት የራዲያተር ውሃ የሚሄድበትን ቱቦ ነበር፤ ርካሽ ነዋ! ጎማው ለውሃ እንጂ ለቤንዚን አይደለም፤ ቤንዚን ጠጥቶ አበጠ፣ በሁለት ወሩ ሽታው ተመለሰ። ለነዳጅ የተሠራው ላዩ ላይ ኤስ ኤ ኢ 30አር7 የሚል ጽሑፍ አለው። ደግሞ ቀጥ ያለውን ቱቦ ጠባብ ኩርባ ላይ ብታጥፉት ይታነቃል፤ ለዚያ ቦታ ከፋብሪካው ታጥፎ የተሠራውን ፈልጉ። ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ እያንዳንዱ ላይ ምልክት እሰሩ። የደረቀውን በፒንሳ አትጎትቱ፣ የብረቱ ጫፍ ይሰበራል። በምላጭ በርዝመቱ ሰንጥቁት፣ ብረቱን ግን እንዳትቧጭሩት። ሥራው ውጭ ሜዳ ላይ፣ ሳልባትዮው ባዶ ሊሆን ሲል፣ ባትሪው ተነቅሎ። ሲጋራማ እንዳትሉኝ!

አዲስ አበባ ያላችሁ የአሮጌ ቮልስ ባለቤቶችም ከፊት ኮፈን ሥር እጃችሁን ስደዱ፤ ሳልባትዮው እግራችሁ አጠገብ ነው ያለው።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። በሦስተኛው ባለቤቴ ሆዷን ይዛ መጣችና በሩን ከፍታ አሸተተች፣ ዝም አለች፣ ገባች። "ይቅርታ፣ አፍንጫሽ ልክ ነበር" አልኳት። "ቤንዚኑን ብቻ ነው?" አለችኝ።

መስኮቷን ግን እስካሁን አንድ ጣት ያህል ከፍታ ነው የምትሄደው።