የክረምቱን ረሃብ ከደጀ ሰላም መመከት ይቻላል

በመኸር አምራቹ ገጠር ረሃብ የሚገባበት ወር የታወቀ ነው። በታኅሣሥና በጥር ከአውድማ የተጋዘው እህል በሰኔ ይጎድላል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የብዙው ድኻ ገበሬ ጎተራ ተጠርጎ ወለሉ ይታያል። ማሳው ለምልሟል፤ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ገበያ ቢወጣ በጥር በርካሽ የሸጠው እህል በነሐሴ ዋጋው አሻቅቦ ይጠብቀዋል። እሸት እስኪደርስ ያሉት እነዚህ ጥቂት ሳምንታት አንድን ቤተሰብ ለዓመታት የሚያደኸዩ ናቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በትንሹ ነው። የሚበላ ያጣ ገበሬ አስቀድሞ ዶሮውንና በጉን ይሸጣል። ይህ ሲያልቅ ለዘር ያስቀመጠውን ያስፈጫል፤ አለዚያም በአራጣ ይበደራል። በመጨረሻ በሬውን ወደ ገበያ ይነዳል። አንድ በሬ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ያርስ ነበር፤ በሬው ሲሸጥ መቀናጆው ይፈርሳል። በሬ የሌለው ደግሞ መሬቱን ለእኩል ይሰጣል። በሚከተለው ዓመት ዝናቡ ቢሰምር እንኳ ከገዛ ማሳው ወደ ቤቱ የሚገባው ግማሹ ብቻ ነው። ግማሽ ምርት የያዘ ቤት በቀጣዩ ክረምት ከሌላው ቀድሞ ይራባል። ስለዚህ እርዳታ ከሁሉ የሚጠቅመው በሬው ከመሸጡ በፊት ሲደርስ ነው።

የ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብና የ1977 ዓ.ም. ታላቁ ድርቅ ያስተማሩት ይህንኑ ነው። በኮረም ሜዳ የተሰበሰበው ሕዝብ ከቤቱ የወጣው ዘሩን በልቶ፣ ከብቱን ሸጦ፣ ያልተሸጠውም ሞቶበት ነበር። የመጣው እህል የብዙዎችን ነፍስ አትርፏል፤ የፈረሰውን ጎጆና የተበተነውን ጥማድ በሬ ግን ሊመልስ አልቻለም።

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ረገድ ለሥራው እንግዳ አይደለችም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1964 ዓ.ም. ነው። በ1977ቱ ድርቅም የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክና የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ለተራበው ሕዝብ እህል አከፋፍለዋል። ሆኖም ይህን የመሰለው ሥራ በኮሚሽንና በከባድ መኪና የሚሠራ ነው። በየአጥቢያው ያለው ምእመን ራሱ ሊሠራው የሚችለው ደግሞ ገና በሚገባ አልተነካም።

አጥቢያው የጎደለው ነገር ጥቂት ነው። ሕዝቡ በየሰንበቱ ይሰበሰባል። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የተመሠረተው ሰበካ ጉባኤ ካህናትንና ምእመናንን በአንድ ሸንጎ ያስቀምጣል። የሰንበቴው ማኅበርተኛ ተራው ሲደርስ ዳቦና ጠላ ይዞ ይቀርባል፤ ነዳያንም ከዚያው ይቀምሳሉ። የንስሐ አባት የልጆቹን ቤት በስም ያውቃል፤ ከየትኛው ጎጆ ጭስ መውጣት እንዳቆመ ከማንም ቀድሞ የሚያይ እርሱ ነው። አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ይህን ያህል ለማወቅ ብዙ መዝጋቢ ማሰማራት ይኖርበታል።

የሚያስፈልገው ይህን ሁሉ ወደ አንድ ጎተራ ማምጣት ነው። ሁለት መቶ አባወራ ያሉት አጥቢያ እያንዳንዱ አባወራ በጥር አሥር ኪሎ እህል ቢያወጣ ሃያ ኩንታል ይሆናል። በእርዳታ አሠራር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ይመደባል። በዚሁ ሒሳብ አምስት ነፍስ ላለው ቤት ለሁለት ወር አንድ ኩንታል ተኩል ይበቃል። ሃያው ኩንታል እንግዲህ 13 ቤተሰብ ሐምሌንና ነሐሴን ያሻግራል፤ ይህም ማለት በሬያቸውን ሊሸጡ የተቃረቡ 13 ገበሬዎች ሞፈርና ቀንበራቸውን እንደያዙ መስከረም ይጠባሉ ማለት ነው። ተበዳሪው የወሰደውን ያህል በጥር ይመልሳል፤ አራጣ አይኖርበትም። ጉልበት የሌላት አሮጊትና ጧሪ የሌለው በሽተኛ ግን የወሰዱት ምጽዋት ነው፤ መልሱ አይባሉም።

የማኅበር እህል ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በነቀዝና በሐሜት ነው። ለሁለቱም መድኃኒት አለ። ነቀዝን ለመከላከል እህሉ ተበጥሮ በደንብ መድረቅ አለበት። መድረቁን ለማወቅ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህሉን ከደረቅ ጨው ጋር አድርጎ መወዝወዝ በቂ ነው፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እንደገና ፀሐይ ሊመታው ይገባል። የደረቀው እህል ሁለት የላስቲክ ከረጢት በውስጡ ባለው አየር በማያስገባ ጆንያ ታጭቆ ሲታሰር ነቀዙ አየር አጥሮት ይሞታል፤ ኬሚካል መጨመርም አያስፈልግም። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር። የዘር እህል ከሚበላው ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ይቀመጥ።

ሐሜትን የሚከላከለው መዝገብና ቁልፍ ነው። የጎተራው በር ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱን ቄሰ ገበዙ፣ ሁለተኛውን ሰበካ ጉባኤው የመረጠው ገበሬ፣ ሦስተኛውን አንዲት ሴት ይያዙት። የቤቱን ጉድለት አስቀድማ የምታውቀው ሊጥ የምታቦካው ናትና ሴቶች ከኮሚቴው ሊቀሩ አይገባም። የገባውና የወጣው ኩንታል በየወሩ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝብ ይነበብ። የተበዳሪው ስም ግን በአደባባይ አይጠራ፤ ችግረኛን ማሳፈር ከችግሩ የማይተናነስ ጉዳት ነውና።

እህሉ ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ከበኩራቱ ሌላ አንድ ትልቅ ምንጭ አለ፤ እርሱም ተዝካር ነው። ስለ ሟቹ ነፍስ ተብሎ በአንድ ቀን የሚያልቀው እንጀራና ጠላ ብዙ ጊዜ በብድር የተገኘ ነው። አባታቸውን የቀበሩ ልጆች በዓመቱ በሬያቸውንም ሸኝተው የሚገኙበት አጋጣሚ በየገጠሩ አለ። ጸሎቱና ፍትሐቱ ሥርዓቱን ይዞ ይፈጸም። ድግሱ ግን በግማሽ ተቀንሶ ቀሪው በሟቹ ስም ወደ ጎተራው ቢገባ ነዳያን ከአንድ ቀን ይልቅ ብዙ ቀን ይበሉበታል። ይህን ለመናገር ሥልጣኑም ተሰሚነቱም ያላቸው ካህናት ናቸው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቢናገረው ባህል እንደ መድፈር ይቆጠርበታል።

እህል የሌለው ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። የታመመ ሰው ማሳ ወቅቱ እንዳያልፍበት በደቦ ማረስ፣ የመበለቲቱን እርከን መጠገን አገሬው የሚያውቀው ሥራ ነው። ደቦው የሚጠራው በዘፈቀደ ሳይሆን ሰበካ ጉባኤው በያዘው ተራ ቢሆን የሚረሳ ቤት አይኖርም። በደቡብ ጎንደር ምእመናን የቤተ ክርስቲያናቸውን ደን ከከብት ለመጠበቅ ከየማሳው ድንጋይ ለቅመው አጥር ሠርተዋል፤ የደን ምሁሩ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በዚህ ሥራ ከካህናቱ ጋር ደክመዋል። ወይራው፣ ጽዱና ዝግባው ከለላ ሲያገኝ ድንጋይ የተለቀመለትም ማሳ ለማረሻ ተመችቷል። ደን በጠበቀው እጅ ጎተራ መጠበቅ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ሌላው ጉዳይ የጾም ምግብ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አተር ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር ሲበሉ ሰውነትን ይገነባሉ፤ በጓሮ የሚተከል ጎመንና ካሮትም ይጨመርበታል። በሌላ በኩል ጾሙን ከአቅሟ በላይ የምትይዝ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አለች። የንስሐ አባት እንደ አቅሟ ሊፈቅድላት ሥልጣን እያለው ብዙዋ እናት መጠየቁን ትፈራለች። ካህኑ ሳይጠየቅ ቀድሞ ቢነግራት በእናቲቱና በሕፃኑ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ይከላከላል።

«የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነፍስን መጠበቅ ነው፤ ሆድ የመንግሥት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ አባባል የሰንበቴውን ዳቦና በደጀ ሰላም የሚቆረሰውን እንጀራ የሚዘነጋ ነው። በግብፅ ምድር የሰባቱን የጥጋብ ዓመታት እህል ለሰባቱ የረሃብ ዓመታት ያከማቸው ዮሴፍም ከመጻሕፍት ውጭ የተገኘ አይደለም። ሌሎች ደግሞ ጎተራው ሰነፍ እንዳያበዛ ይሰጋሉ። ብድሩ በጥር የሚመለስ መሆኑና ሰጪውና ተቀባዩ መንደርተኛ መሆናቸው ለዚህ ስጋት በቂ መልስ ነው። ሰነፉን ከችግረኛው ለመለየት ከጎረቤት የተሻለ ዳኛ አይገኝም።

አንድ ነገር ግን መታወቅ ይኖርበታል። ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን በሚኖሩበት እንደ ወሎ ባለ አገር ጎተራው የሃይማኖት መለያ ሊሆን አይገባውም። በደቦ አብሮ የሚያርስ፣ በመቀናጆ በሬ የሚያጣምር ጎረቤት በነሐሴ ሲቸገር የሚጠየቀው የቤተሰቡ ቁጥር እንጂ እምነቱ መሆን የለበትም።

ሃያ ኩንታል እህል ዝናብ ጨርሶ የቀረበትን ዓመት እንደማይችል ግልጽ ነው። እንዲህ ያለው ጥፋት ሲመጣ የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅቶች ክምችት ግድ ይላል። በየዓመቱ ድምፅ ሳያሰማ የሚመላለሰውን የክረምት ረሃብ ግን አጥቢያው በራሱ አቅም ሊመልሰው ይችላል። ይህም ሥራ በነሐሴ የሚጀመር አይደለም። ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ከማዘን በቀር የሚያከፋፍለው ነገር አይኖረውም። ሥራው የሚጀመረው እህሉ አውድማ ላይ እያለ፣ ሁሉም እጅ በሞላበት በጥር ወር ነው። በመጪው ጥር ከቅዳሴ በኋላ አለቃውና ቄሰ ገበዙ መዝገቡን ከፍተው የመጀመሪያውን አሥር ኪሎ ራሳቸው ቢያስመዝግቡ ምእመኑ ወደኋላ አይልም።