ሥራ ፈትነት ይከበርልን

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ አንድ «የስኬት አሠልጣኝ» በሬዲዮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሲመክር ሰማሁ። «ትርፍ ጊዜ የሚባል የለም፤ የባከነ ጊዜ እንጂ!» አለ። ሜክሲኮ ሳንደርስ ደሜ ፈላ። ከአነቃቂ ተናጋሪዎች ጋር በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ ተጣልቻለሁ። ባለፈው «ይብቃኝ» ብዬ ነበር። አልበቃኝም።

ወርጄ በእግሬ ወደ ሰንጋ ተራ አዘገምኩና ኮሜርስ አካባቢ ከማዘወትራት ጀበና ቡና ጎራ አልኩ። ጎኔ በርጩማ ላይ የተቀመጠው ልጅ ሁለቱን ጆሮዎቹን ደፍኖ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። «ልጄ፣ ቡናህ በረደ» ስለው ማዳመጫውን ነቅሎ ፈገግ አለ። ሁለተኛ ዓመት አካውንቲንግ ነው፤ የመጣው ከወልድያ። ቅዳሜውን ዘረዘረልኝ፦ ጠዋት የኮደሮች ሥልጠና፣ ከሰዓት እንግሊዝኛ፣ ማታ ዲጂታል ማርኬቲንግ። ሁሉም ስልኩ ላይ ነው። ሦስት ሰርተፊኬት አሳየኝ።

«ጎበዝ! የዶርም ልጆችስ?»

«ስድስት ነን ጋሼ። ሁሉም ቢዚ ነው።» የበረደውን ቡና ጨለጠና፣ «ማታ ማታ ግን ይጨንቀኛል» አለኝ።

ይህ ልጅ አንዲት ደቂቃ አላባከነም። አሠልጣኙ ቢያየው ይኮራበታል።

እኛ ስድስት ኪሎ ሳለን ጊዜ ስናባክን ለጉድ ነበር። ከእራት በኋላ ኬኔዲ ላይብረሪ ደጃፍ ተኮልኩለን፣ ዳኛ የሌለውን ክርክር እኩለ ሌሊት እናደርሰዋለን። ቸካዩ ሳይቀር ደብተሩን ይዞ ይመጣና ሳይገልጠው ይመለሳል። ጓደኛ የሆንነው እንደዚያ ስናወራ ነው፤ «ኔትወርክ እናስፋ» ያለ ሰው አልነበረም።

ከእኛ በፊትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ታምሩ ፈይሳ በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን «ደሃው ይናገራል» የተሰኘ ግጥሙን ያነበበው ማርክ ይሰጠኛል ብሎ አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች ግቢ ውስጥ ማደራቸው ቀረ። ተማሪ አብሮ ሲያመሽ ምን እንደሚወለድ የዚያን ዘመን መንግሥት ከዛሬ አሠልጣኞች በላይ ሳይገባው አልቀረም እላለሁ።

«ትርፍ ጊዜ እኮ ጫት ቤትና ፑል ቤት ነው የሚወስደው» የሚሉኝ አይጠፉም። ይወስዳል። ግን ጆተኒ እንኳ ለብቻ አይጫወቱትም።

ደግሞ ልጁ የት ሄዶ ይቦዝን? ሰንጋ ተራ፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ የሰንጋ ገበያ ነበር። በሬውን ዳብሰው፣ ዋጋውን ጠርተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ነበር የሚገዙት፤ ከብት የማይገዛውም ቆሞ ያይ ነበር። ዛሬ ባንኮቹ ሰማይ ጠቀስ መስታወት አቁመዋል። እኔም ባለፈው አንዱ ሕንፃ ደረጃ ላይ አረፍ ብል ጥበቃው «አባት፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» ብሎ አስነሣኝ። ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ፣ ቡና ሳያዝ የሚቀመጥበት ድንጋይ ሲያጣ፣ አልጋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ቢያቅፍ ምን ይፈረድበታል?

ልጁን «ቅዳሜ ትምህርቱን ተውና ከስድስታችሁ አንዱን ይዘህ እዚህ ና፤ ቡናው በእኔ» አልኩት። ሳቀ። እሺም እምቢም አላለም።

ቤቴ ገብቼ በዚሁ ወኔ የዶርም ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። አያት ነው የሚኖረው፤ ካየሁት ዓመት አልፎታል። «ቅዳሜ ና፣ ሰንጋ ተራ ቁጭ ብለን ምንም አንሠራም» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ፕሮግራሜን አይቼ ልደውልልህ?»