እናት "ከዋንዛ ይሠራ"፣ ጓደኛ "ከብረት ይሠራ"! ማንን ልስማ?

የዛሬው ደብዳቤ የፍቅር ጣጣ የለበትም፡፡ ግን የቤት ውስጥ ክርክር አለበት፡፡ ጠያቂያችን በትርፍ ጊዜው አምፕሊፋየር የሚገጣጥም ወጣት ነው፡፡ "ውስጡ አልቋል፣ ይጫወታል፡፡ የቀረኝ ቀፎው ነው፡፡ እናቴ ሳሎን የሚቀመጥ ከሆነ እንደ ቡፌው ከዋንዛ ይሠራ ይላሉ፡፡ ጓደኛዬ ከብረት ውጪ አይሆንም ይለኛል፡፡ እኔ ደግሞ የፕላስቲክ ሣጥን አግኝቻለሁ፡፡ ማንን ልስማ?" ይላል፡፡

ወንድሜ፣ ያ ሣጥን 220 ቮልት ታቅፎ ሳሎን ሊቀመጥ ነው፡፡ ሕፃን ይነካዋል፣ እንግዳ ይደገፈዋል፡፡ ስለዚህ ቀፎውን እንደ ዘበኛ ቁጠረው፡፡ ሦስት ሥራ አለው፡- ኮረንቲውን ከሰው መለየት፣ ሙቀቱን ማስወጣትና ከውጭ የሚመጣ ጫጫታን ማገድ፡፡

ካገኘኸው ፕላስቲክ ልጀምር፡፡ ኮረንቲ አለማስተላለፉ ጥሩ ነው፡፡ ግን ሙቀት አፍኖ ይይዛል፣ ብዙው ዓይነትም ሲግል ይለሰልሳል፣ እሳት ካገኘው ይነዳል፡፡ በባትሪ ድንጋይ ለሚሠራ ትንሽ ነገር ይሁን፤ ከሶኬት ለሚሠራ አምፕ ግን እኔ አልመክርህም፡፡

እንጨት ያምራል፣ እናትህም እውነት አላቸው፡፡ ችግሩ ጫጫታ አያግድም፡፡ ሞባይል ሊጠራ ሲል ስፒከር ጥርርር የሚለውን ታውቀዋለህ አይደል? እንጨት ያንን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል፡፡ ሙቀትም ይይዛል፡፡ አሉሚኒየም ሙቀት በማስተላለፍ እንጨትን ከ1000 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል፡፡

ወደ ብረቱ ስንመጣ፣ ላሜራ ጠንካራ ነው፣ ከትራንስፎርመሩ የሚወጣውን ማግኔትም በመጠኑ ይገታል፡፡ አሉሚኒየም ደግሞ ሙቀትን ከላሜራ ወደ 4 እጥፍ በተሻለ ያስተላልፋል፣ በእጅ መጋዝም ይቆረጣል፡፡ መርካቶ ምናለሽ ተራ ብትወርድ ከአሮጌ መሣሪያ የወጣ ደህና ቀፎ ልታገኝ ትችላለህ፡፡

የእኔ ፍርድ ማስታረቅ ነው፡፡ ወለሉ፣ ጀርባውና ክዳኑ ብረት ይሁኑ፤ ፊቱንና ጎንና ጎኑን ከውጭ ዋንዛ አልብሰው፡፡ ትራንዚስተሮቹ የሚታሰሩበት ክንፍ ያለው አሉሚኒየም በጀርባ በኩል ወደ ውጭ ይውጣ፣ ክንፎቹም ቁመው ይታሰሩ፡፡ ከታችና ከላይ ቀዳዳ አብጅለት፣ አየሩ ከሥር ገብቶ በላይ እንዲወጣ፡፡ ቀዳዳው ግን የሕፃን ጣት አያስገባ!

ትራንስፎርመርህ ክብ ከሆነ፣ መሐሉን የሚያልፈው ብሎን ከታች ወለሉን ነክቶ ከላይ ክዳኑን እንዳይነካ ተጠንቀቅ፡፡ ሁለቱንም ከነካ ትራንስፎርመሩ ግሎ ሊቃጠል ይችላል፡፡

አሁን ዋናው ነገር፡፡ ብረት ከመረጥክ ኧርዝ ግዴታ ነው፡፡ ስፒናው ባለ ሦስት ሽቦ ይሁን፡፡ የቀፎውን ቀለም ፍቀህ፣ አረንጓዴና ቢጫ የሆነውን ሽቦ ለብቻው በተመደበ ብሎን ከቀፎው ጋር አጥብቀህ እሠረው፡፡ አንድ ሽቦ ተፈትቶ ቀፎውን ቢነካ፣ ኮረንቲው በኧርዙ ሮጦ ፊውዙን ይበጥሳል፡፡ ኧርዝ ከሌለ ግን ቀፎው ራሱ 220 ቮልት ሆኖ የመጀመሪያውን እጅ ይጠብቃል፡፡

"እምምም" የሚለው ድምፅ ጠፋልን ብለው ኧርዙን የሚቆርጡ አሉ፡፡ ኧረ ተው! ድምፁን ለማጥፋት ትራንስፎርመሩን ከድምፅ መግቢያው አርቀው፣ ሽቦዎቹንም እንደ ገመድ ግመዳቸው፡፡ የቤታችሁ ሶኬት ኧርዝ ከሌለው ደግሞ ከቀፎው በፊት የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጥራ፡፡

እናትህን አንድ ነገር ለምንልኝ፤ ዳንቴል አያልብሱት፡፡ ከላይ ያለው ቀዳዳ ከተሸፈነ ሙቀቱ የት ይሂድ? የአበባ ማስቀመጫም አይደረብበት፣ ውኃው ከፈሰሰ መንገዱ ወደ ውስጥ ነው፡፡

ሁሉን ጨርሰህ ስትዘጋው፣ ስፒናውን ሳትሰካ፣ በቴስተር ከስፒናው የኧርዝ ጫፍ እስከ ቀፎው ለካ፡፡ ወደ 0 ኦም ካነበበ ሰክተህ ዘፈንህን ስማ፡፡ ካላነበበ ዘፈኑ ይቆይ፡፡