ንዴታችንን በነጻ አንሽጥላቸው

«ቀልድ እኮ ነው፣ አታካብዱ!»

ይህችን መልስ ያልሰማ አለ? ማስታወቂያ ይለቀቃል። ከገጠር የመጣ ሰው ፎቅ አይቶ አፉን ይከፍታል፣ ስልኩን ገልብጦ ይይዛል፣ በአነጋገሩ እንድንስቅ ይደረጋል። ከዚያ «ዘመናዊው» የከተማ ልጅ ብቅ ብሎ ያነቃዋል። ወይም የቤት ሠራተኛዋ በተሰባበረ አማርኛ ትቀርብና እመቤቷ ስለ ሳሙናው ታስተምራታለች። ይሄ ነገር ልክ አይደለም ስትሉ ደግሞ ቀልድ የማይገባችሁ ደረቆች ትባላላችሁ።

ወገን፣ ቀልድማ ይገባናል። ቀልድና ገበያ እዚህ አገር አብረው ነው የኖሩት። መርካቶ ቦንዳ ተራ ሂዱ፤ ክምሩ ላይ ቆሞ የሚጮኸው ልጅ አስቆ ነው የሚሸጥላችሁ። የሚቀልደው ግን በራሱ ዋጋና በራሱ ኪሳራ ነው። አዝማሪ ቤት ግቡ፤ ቦርጫችሁን፣ በራችሁን፣ ስስታችሁን ሳይምር ይነካዋል። ልብ በሉ፦ የሚነካው ፊቱ የተቀመጠውን ሰው ነው። ያ ሰው «ተቀበል» ብሎ አጸፋውን ይሰጠዋል፣ ካልጣመው ብሩን ይዞ ይወጣል። የማስታወቂያው ገበሬ ግን የት አለ? ስቱዲዮው ውስጥ አልነበረም። መልስ የሚሰጥበት ማይክ የለውም። ጤፉን እየበላን በሌለበት እንስቅበታለን። ይሄ ቀልድ ሳይሆን ሐሜት ነው፣ ያውም በክፍያ።

ሕጉም ዝም አላለም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 በቋንቋ፣ በፆታ፣ በዘር፣ በብሔር፣ በሙያ ወይም በእምነት የሰውን ክብር የሚነካ ማስታወቂያን ይከለክላል። ስንቶቻችን ይህን ጠቅሰን አመልክተናል? (እዚህ ላይ ራሳችንንም እንጠይቅ። የሌላው ብሔር አነጋገር ሲቀለድበት ሆዳችንን ይዘን ስቀን፣ የእኛ ሲነካ ብቻ «ክብራችን» የምንል ከሆነ ማስታወቂያ ሠሪው ይህችን ድክመታችንን ጠንቅቆ ያውቃታል።)

ከቀልዱ የባሰው ደግሞ ሆን ተብሎ ሰው የሚያስቆጣው ምስል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ የቻይና የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ዓለምን አዳረሰ። ጥቁሩን ሰውዬ ሴትዮዋ አፉ ውስጥ ሳሙና ከታ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ትጨምረዋለች፤ ሲወጣ ቀላ ያለ ቻይናዊ ሆኗል። የሳሙናውን ስም ከዚያ በፊት ማን ያውቀው ነበር? ማንም! ያዳረስነው እኛ የተሰደብነው ነን። እያማረርን፣ እየረገምን፣ ሼር እያደረግን።

የተቆጣ ኮመንትም የተደሰተ ኮመንትም ለማሽኑ ያው ኮመንት ነው። እንዲያውም ፌስቡክ ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የንዴቷን ፊት ጨምሮ እነዚያን ምልክቶች ከአንድ ላይክ 5 እጥፍ አድርጎ ይቆጥራቸው ነበር። እናንተ ደማችሁ ሲፈላ የእሱ ማስታወቂያ ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ያልተከፈላችሁ ሠራተኞች ናችሁ።

የሚያስደነግጥ ምስል ሁሉ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሲጋራ ፓኮ ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በጤና ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ያዛል። ያ ምስል ይዘገንናል፣ ግን ሻጩ ሊደብቀው የፈለገውን እውነት ነው የሚያወጣው። የሳሙናው ማስታወቂያ የትኛውን እውነት አወጣ?

ታዲያ ምን ይሠራል? አቤልን ተመልከቱ። በጃንዋሪ 2018 ኤች ኤንድ ኤም አንድን ጥቁር ሕፃን «የጫካው አሪፍ ዝንጀሮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሹራብ አልብሶ ድረ ገጹ ላይ አወጣ። በወቅቱ ከእኛ አገር ፋብሪካዎች ጭምር ልብስ ይገዛ የነበረ ኩባንያ ነው እንግዲህ! ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዘ ዊክንድ፣ በወቅቱ ከኩባንያው ጋር ይሠራ ነበር። ከዚህ በኋላ ከእነሱ ጋር አልሠራም ብሎ ወጣ። ስሙን ነበር የሚፈልጉት፣ ስሙን ነሳቸው። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ሹራቡን ከገበያ አነሳ።

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ዶልቼ ኤንድ ጋባና አንዲት ቻይናዊት በቾፕስቲክ ፒዛ ለመብላት ስትቸገር የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ቻይናውያን ተቆጡ፤ የሻንጋዩ የፋሽን ትርዒት ተሰረዘ። ዋናው ዱላ ግን ትልልቆቹ የቻይና የኢንተርኔት ገበያዎች ዕቃውን ማውረዳቸው ነበር። ሁለቱ ባለቤቶች ካሜራ ፊት ተቀምጠው በቻይንኛ ጭምር ይቅርታ ጠየቁ። ሺህ ኮመንት ያላመጣውን ባዶ መደርደሪያ ያመጣዋል።

እኛም የሚያዋርድ ማስታወቂያ ስናይ ቪዲዮውን ወደ ግሩፑ አንላክ፣ ስማቸውንም አናንሳላቸው። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጣቢያውን መዝግቡ፤ የአዋጁን ቁጥር ጠቅሳችሁ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን አመልክቱ። ዕቃው ቤታችሁ ካለ ሲያልቅ አትተኩት። ለባለሱቁ ለምን እንደተዋችሁት ንገሩት፤ እሱ ለአከፋፋዩ ይናገራል፣ አከፋፋዩ ደግሞ ለድርጅቱ። ማንንም ሳያዋርድ ከልብ ያሳቃችሁ የአገር ልጅ ማስታወቂያ ካለ ግን እሱን ኮመንት ላይ አስቀምጡልን፣ እሱን ሼር እናድርግ።