ጤናችን፦ «ተስማምቶሃል» የምንለው ውፍረት

አንድ ሰው ከተማ ከርሞ ወፍሮ ሲመለስ «ተስማምቶሃል! አማረብህ!» እንለዋለን። እኛም ብዙ ጊዜ ብለናል። ረሃብን ለሚያውቅ ሰው ውፍረት የጥጋብ ምልክት ነው፤ አይፈረድብንም። ነገር ግን ቦርጭ ሲገፋ ከውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ አለብን።

የደም ግፊት ማለት ደም በደም ሥር ውስጥ ሲያልፍ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ሲለካ ሁለት ቁጥር ይሰጣል። የላይኛው ልብ ሲጨመቅ፣ የታችኛው ልብ ሲያርፍ ያለው ነው። በተለያየ ቀን ተለክቶ የላይኛው 140፣ ወይም የታችኛው 90 የደረሰ ወይም ያለፈ ሰው ግፊት አለበት ይባላል።

መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ማሳው ሲሰፋ ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ ቦዩም ይረዝማል። ሰውነትም ሲወፍር እንዲሁ ነው። የተጨመረው ስብ ደም ይፈልጋል። ደሙ ይበዛል። ልብ ግን ያው አንድ ነው። ያን ሁሉ ደም ሲገፋ ይውላል፤ ሲገፋ ያድራል።

ታዲያ ትልቁ ጣጣ ኩላሊት ላይ ነው። ኩላሊት የጨበጥነውን እጅ ያህላል። ደምን አጣርቶ ትርፉን ጨውና ውሃ በሽንት ያስወጣል። የሰባ በግ ስታርዱ ኩላሊቱ በሞራ ተሸፍኖ አይታችኋል። በወፈረ ሰውም ኩላሊት ዙሪያ ስብ ይከማቻል፤ ይጫነዋል። ስብ የተጫነው ኩላሊት ጨውን እንደልቡ ማስወጣት ያቅተዋል። ጨው ሲቀር ውሃም አብሮት ይቀራል። ያኔ ግፊቱ ይጨምራል።

ስቡም ቢሆን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወደ ደም የሚለቃቸው ንጥረ ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ የደም ሥርን ያጠብባሉ። ሌሎቹ ነርቭን ቀስቅሰው ልብን ያስሮጣሉ፤ ኩላሊትም ጨው እንዲይዝ ያደርጋሉ። በዚህ ከዳሌና ከጭን ስብ የሆድ ስብ ይብሳል። ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ቆም የሚልበት ሰውም ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል። ይህን ከእሱ ይልቅ ሚስቱ ታውቀዋለች፤ ለሐኪም ትንገርለት።

«ራሴን አላመመኝም፤ ስለዚህ ግፊት የለብኝም» የሚሉ አሉ። ተሳስተዋል። ግፊት ብዙ ጊዜ ምንም ሕመም ሳያሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ግማሽ አካሉ ሲሽመደመድ ገና ግፊት እንዳለበት የሚሰማ ሰው አለ። ቀጭን ሰውም ግፊት ይይዘዋል፤ «እኔ ቀጭን ነኝ» ብሎ መቅረት አያዋጣም።

ደግነቱ ውፍረት ሲቀንስ ግፊቱም ይቀንሳል። የወፈረ ሰው አንድ ኪሎ በቀነሰ ቁጥር የላይኛው ቁጥር በአማካይ 1 ያህል ዝቅ ይላል። ትንሽ ይመስላል፤ 5 ኪሎ የቀነሰ ሰው ግን ልዩነቱን ያየዋል። ጮማውን፣ ቅቤውንና ጠላውን መጠን ማበጀት፣ በእግር መሄድ ይረዳል። ጨው በቀን ለአንድ ሰው፣ ወጥ ውስጥ የገባው ሁሉ ተቆጥሮ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ማነስ አለበት። መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ከሳሁ ብሎ በራሱ እንዳያቋርጥ።

ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ግፊታችሁን አስለኩ። ዳገት ወጥታችሁ እንደደረሳችሁ ግን አይሆንም፤ ቁጥሩ ከፍ ይልባችኋል። 5 ደቂቃ ተቀምጣችሁ ዕረፉ። ቡና ጠጥታችሁም ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይለፍ።